ችግሩ ያለው ከተቀባዩ በኩል ነው
«ሁሉም ባንክ በአንድ ካርድ» ለሚለው ሐሳብ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ዲጂታል ክፍያ በተወራ ቁጥር የሚደጋገም አንድ ሐሳብ አለ። የባንክ ደንበኛው የሦስትና የአራት ባንክ ካርድ፣ የዚያኑ ያህል መተግበሪያና የሚስጥር ቁጥር ተሸክሟል፤ ሁሉንም በአንድ መተግበሪያ ሰብስቦ በአንድ ካርድ የሚያስከፍል አገልግሎት ቢመጣ ጥሬ ገንዘብ ይቀንሳል ይባላል። የእንግሊዙ ከርቭም በአርአያነት ይጠቀሳል። ሐሳቡ ከባዶ የተነሳ አይደለም። ደመወዙ በአንድ ባንክ፣ የቤት ብድሩ በሌላ፣ ከውጭ የሚላክለት ገንዘብ በሦስተኛ ባንክ ለሚገባለት የጎንደር ሠራተኛ እንዲህ ያለ ካርድ እፎይታ ነው። ይሁን እንጂ ሐሳቡ የችግሩን ቦታ ስቷል። ክፍያ የሚሰናከለው ከፋዩ ብዙ ካርድ ስለያዘ ሳይሆን ተቀባዩ ዘንድ ሲደርስ ነው።

በመጀመሪያ የከርቭን አሠራር እንይ። ደንበኛው ካርዶቹን በመተግበሪያው ያስመዘግባል። በከርቭ ካርድ ሲከፍል ኩባንያው ለነጋዴው ይከፍልና ሒሳቡን ደንበኛው ከመረጠው ካርድ ላይ ይወስዳል፤ አንድ ግዢ ሁለት የካርድ ክፍያ ይሆናል ማለት ነው። ይህ የሚያዋጣው ካርድ የሚቀበል ማሽን በየሱቁ በሞላበት አገር ነው። እዚያም ቢሆን መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ካርድ በአንድ ለማጠቃለል የተነሳው ኮይን በ2016 እ.ኤ.አ. ለፊትቢት ተሽጦ ካርዱ ቀረ። ፕላስትክ የተባለውም ከደንበኞች ቅድሚያ ክፍያ ሰብስቦ ካርዱን ሳያስረክብ በ2017 እ.ኤ.አ. ተዘጋ።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ባንኮችን የማገናኘቱ ሥራ የተጀመረው በመተግበሪያ ሳይሆን በብሔራዊ ስዊች ነው። ባንኮቹና ብሔራዊ ባንክ በባለቤትነት የያዙት ኢትስዊች ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ኤቲኤሞችን በማስተሳሰሩ፣ የአንዱ ባንክ ካርድ ከሌላው ማሽን ብር ያወጣል። ስለዚህ ጎንደር ከተማ ውስጥ ብር ለማውጣት አራት ካርድ መያዝ የግድ አይደለም። የቀረው ከኤቲኤሙ ወዲያ ያለው ነው።

እሱን ለማየት ደባርቅ ወይም ዳባት ያለ አንድ ሱቅ መግባት ይበቃል። ከባንኮኒው ጀርባ ግድግዳው ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ የንግድ ባንክ፣ የዓባይ፣ የዳሸን፣ የቀድሞው አብቁተ የዛሬው የፀደይ ባንክ የሒሳብ ቁጥሮች በእስክሪብቶ ተደርድረዋል፤ ከሥራቸው የቴሌብር ቁጥር አለ። ገዢው ስልኩን አውጥቶ ያስተላልፋል፣ ስክሪኑንም ያሳያል። ባለሱቁ ግን «ሜሴጅ ይግባ» ብሎ ይጠብቃል፤ ሐሰተኛ ስክሪንሾት ስንቱን እንዳከሰረ ሰምቷልና። ሜሴጁ ካልገባ ዕቃው አይወጣም። ሁሉን ጠቅላይ ካርድ ለዚህ ሰው ምን ይጨምርለታል? የሚቀበልበት ማሽን የለውም፤ ወረቀቱ ላይ ያሉት ሒሳቦችም የእሱ እንጂ የገዢው አይደሉም። የሚጠቅመው ከየትኛውም ባንክ የተላከ ብር በመረጠው አንድ ሒሳብ ወዲያው ገብቶ፣ ማረጋገጫው ሳይዘገይ ሲደርሰው ነው።

ብዙ ሒሳብ መያዝ ራሱ እንደ ጉድለት መቆጠሩም ያጠያይቃል። «ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ የለመደ ደንበኛ ሁለተኛ ባንክ የሚይዘው አስቦበት ነው። መጋቢት 2016 ዓ.ም. በንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ያለአግባብ ወጥቶ አገልግሎቱ ለሰዓታት ሲቆም፣ ሌላ ባንክ ሒሳብ የነበረው ሰው ጉዳዩን በዚያ ጨርሷል። ሁሉንም ሒሳብ በአንድ መተግበሪያ በኩል ብቻ ያስገባ ሰው መተግበሪያው ሲቆም መሸሻ አይኖረውም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ሲቋረጥ ደግሞ የየባንኩ መተግበሪያ ስልክ ላይ ተቀምጦ ዋለ፤ የስልክ መስመር ባለበት ያገለገለው ያለ ኢንተርኔት የሚደወለው፣ እንደ ቴሌብሩ *127# እና እንደ ንግድ ባንኩ *889# ያለው አጭር ቁጥር ነው። ለጃናሞራና ለወገራ ደጋ የሚታሰብ አገልግሎት ከዚህ ካልተነሳ ለከተማ ብቻ የተሠራ ይሆናል።

«ካርዱ ከመጣ ነጋዴው ይከተላል» የሚል መከራከሪያ ሊቀርብ ይችላል። የነዳጁ ልምድ ግን ተቃራኒውን ያሳያል። በ2015 ዓ.ም. ማደያዎች በዲጂታል ብቻ እንዲሸጡ ሲታዘዝ የሾፌሮቹ ካርዶች አልተጠቃለሉም። የተለወጠው የማደያው አቀባበል ነበር፤ ሾፌሩም ተከተለ። ትእዛዙ ያስከተለው ወረፋና ምሬት ሌላ ጉዳይ ሆኖ፣ ለውጡ ከየት በኩል እንደሚጀምር ግን አሳይቷል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይስተካከል። ከባንክ ባንክ የሚደረግ ዝውውር ርካሽና ፈጣን ይሁን፤ ከየትኛውም ባንክ መተግበሪያ የሚከፈልበት የጋራ ኪውአር ኮድ ከጎንደር ቅዳሜ ገበያ እስከ ደባርቅ ሱቆች ይዳረስ፤ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው አገልግሎት የሁሉንም ባንክ ደንበኛ ያገናኝ፤ የገጠር ወኪሎች በገበያ ቀን ብር አይጠራቸው። ይህ ከተሟላ በኋላ አንድ ኩባንያ ካርዶችን ጠቅልሎ ቢመጣ ምቾት የሚሻ ይገዛዋል። ያን ጊዜ ግን ባለሱቁ ክፍያውን የሚቀበለው ያለ እሱም ይሆናል።