መውጫውን ሳያዩ መግባት

ካርቱም ላይ ጦርነቱ የተጀመረው በቀዳም ሥዑር ነው፤ ሚያዝያ 7 ቀን 2015። በከተማዋ ደይምና ጅሬፍ ሰፈሮች ያለው ሐበሻ ዶሮውን ገዝቶ፣ ሽንኩርቱን ልጦ ፋሲካን ሲጠብቅ ጥይት ቀደመው። እኔ ያን ጊዜ አማራት ሰፈር ባለች አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅት ነበር የምሠራው። ለ30 ያህል የመድኃኒት መደብሮች የዕቃ መቆጣጠሪያ እንሰጥ ነበር፤ የትኛው መድኃኒት የት እንዳለ፣ የትኛው ጊዜው ሊያልፍበት እንደሆነ የሚናገር። መረጃው ካርቱም ውስጥ አልነበረም። ክላውድ ላይ ነው፣ ሰርቨሮቹም አውሮፓ ናቸው። ቢሮው በመድፍ ሲመታ አለቃችን ያለው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ፦ «ግድግዳው ይፍረስ፤ ሥራችን ሰማይ ላይ ነው።»

በሦስተኛው ሳምንት ሰማዩ ተዘጋብን። አውሮፓ ያለው ሰርቨር ምንም አልሆነም። የሱዳን የባንክ ካርድ ውጭ ስለማይሠራ ግን አካውንቱ የተከፈተው ዱባይ በሚኖር የአለቃችን ዘመድ ስምና ካርድ ነበር። ለመግባት የሚላከው ኮድ ደግሞ የሚደርሰው በአንድ የካርቱም ሲም ካርድ ነው፤ ሲሙ ያለበት ስልክ ኬላ ላይ ተነጠቀ። ለኩባንያው ጻፍን። ባለቤትነታችሁን በሰነድ አረጋግጡ አሉን፤ ሰነዱ ፍርስራሽ ውስጥ ነው። ሂሳቡ ሳይከፈል ከረመ፣ አካውንቱ ታገደ፣ ውሉ ላይ የተጻፈው ቀን ሲደርስ መረጃው ተሰረዘ። የፕሮግራሙን ኮድ በላፕቶፔ ይዤ መተማን ተሻግሬያለሁ። ነገር ግን ኮዱ የተጻፈው ያ ኩባንያ ብቻ ለሚያቀርበው ዳታቤዝ ስለሆነ ሌላ ቦታ አይነሳም። የአራት ዓመት ሥራችን የማይነበብ ጽሑፍ ሆኖ ቀረ።

አዲስ አበባ ገብቼ ይህን ሳወራ ብዙ ሰው «ለዚህ እኮ ነው መረጃ አገር ቤት መቀመጥ ያለበት» ይለኛል። ሌላው ወገን ደግሞ ዛሬም በየስብሰባው «ሰርቨር መግዛት ቀረ፤ ክላውድ ላይ አውጡትና ተገላገሉ» እያለ ይመክራል። ሁለቱ የሚጣሉ ይመስላሉ። እኔ ግን አንድ ስህተት ሲጋሩ ነው የማያቸው፤ ጥያቄያቸው «የት ይቀመጥ?» ብቻ ነው። ካርቱም ሁለቱንም ሞክራ አይታለች።

አገር ቤት ይሁን ለሚለው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2024ን ላስታውሰው። በወሩ መጀመሪያ የስልክ ኩባንያዎቹ ኤምቲኤንና ሱዳኒ ተቋረጡ፣ ከቀናት በኋላ ዛይን ተከተለ። አገሪቱ ከሞላ ጎደል ከኢንተርኔት ወጣች። ዋና ዋናዎቹ የመረጃ ማዕከሎች ካርቱም ውስጥ ነበሩ፤ እዚያ የነበረው፣ ከሠራዊቱ ጋር የሚዋጋው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል ዘጋቸው ተብሎ ተከሰሰ። በዚያን ጊዜ ጥሬ ገንዘብ ከገበያ ጠፍቶ ሱዳናዊው የሚኖረው የካርቱም ባንክ በሚያቀርበው ባንካክ በተባለው የስልክ መተግበሪያ ነበር። ዳቦም፣ የቤት ኪራይም፣ ከዘመድ የሚላክ እርዳታም በዚያ ነው። ካርቱም ሰሐፋ ሰፈር ውስጥ ቡና ታፈላ የነበረች አንዲት የጎንደር ልጅ በኋላ መተማን ተሻግራ ስትመጣ የነገረችኝን አልረሳውም። ከጀበናዋ አጠገብ ካርቶን ላይ የባንካክ ቁጥሯን ጽፋ ትለጥፍ ነበር። ኔትወርኩ ሲጠፋ የወር ሙሉ ሽያጯ ስልኳ ውስጥ ቀረ። «ገንዘቡማ አለኝ ወንድሜ፤ ግን ዳቦ አይገዛም» ነው ያለችኝ። ስታርሊንክ የተባለው የሳተላይት ኢንተርኔት ወዳለበት ሰፈር በእግሯ ትሄድና በሰዓት ከፍላ ትገባለች። ከዚያ ደግሞ የባንካኩን ገንዘብ ወደ ጥሬ ገንዘብ ለሚለውጥላት ሰው ኮሚሽን ትከፍላለች። የራሷን ገንዘብ ለመንካት ሁለቴ ከፈለች ማለት ነው።

ውጭ ይሁን ለሚለው ደግሞ ከዚያ በፊት የነበሩትን 20 ዓመታት ልንገረው። አሜሪካ ሱዳን ላይ አጠቃላይ የንግድ ማዕቀብ የጣለችው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ የተነሳው በኦክቶበር 2017። እ.ኤ.አ. በ2010 ሶርስፎርጅ፣ ሰው ሁሉ በነፃ ሶፍትዌር የሚያወርድበት ቦታ፣ ለሱዳን ተጠቃሚዎች ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በ2014 የኢንተርኔት ትምህርት የሚሰጠው ኮርሴራ ሱዳናውያን ተማሪዎችን ከትምህርቱ አገደ። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ማንንም አልበደለም፤ ካሊፎርኒያ ያለ ኩባንያ የዋሽንግተንን ሕግ አክብሮ በሩን ዘጋበት እንጂ። ያን ያህል ዓመት በር ሲዘጋባት የኖረች ከተማ ውስጥ ተቀምጠን እኛ እንኳ «ክላውድ አይወድቅም» ብለን ማመናችን ዛሬም ያንገበግበኛል።

እንግዲህ ወሳኙ ነገር መረጃው ያለበት አገር ሳይሆን የዛሬው አቅራቢ ነገ ቢዘጋብህ በስንት ቀን ሌላ ቦታ እንደምትነሳ ነው። ይህን የሚጠይቅ የቦርድ አባልም ሆነ የጨረታ ሰነድ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ያልጠየቅነው ወደ ክላውድ መግባቱ ስለሚጥም ነው። ለጀማሪ ድርጅት ነፃ ክሬዲት ይሰጣል። መረጃ ማስገባት አያስከፍልም፤ ማውጣት ግን ያስከፍላል። አማዞን ከአሜሪካና ከአውሮፓ ማዕከሎቹ መረጃ ሲወጣ በመደበኛ ዋጋው ለአንድ ጊጋባይት 9 የዶላር ሳንቲም ገደማ ይጠይቃል፤ 10 ቴራባይት ያለው ድርጅት መረጃውን አንዴ ለማውጣት ወደ 900 ዶላር ያስፈልገዋል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ጎግል፣ አማዞንና ማይክሮሶፍት ጠቅልሎ ለሚወጣ ደንበኛ ይህን ክፍያ እንደሚተዉ አስታወቁ። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ የመቀየሪያ ክፍያ ከጃንዋሪ 12 ቀን 2027 ጀምሮ ጨርሶ እንዲቀር በሕግ ወስኗል። የእኛው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግለሰብን መረጃ ለመጠበቅ የወጣ ነው፤ ድርጅት ከአቅራቢው ሲለይ የሚደርስበትን ለመዳኘት የወጣ አይደለም።

ክፍያው ግን ትንሹ እስር ነው። ትልቁ እንደኛ ኮዱን በአንድ ኩባንያ ዳታቤዝ ላይ መስፋት ነው። አማዞን ራሱ ከኦራክል ዳታቤዝ ለመላቀቅ ዓመታት ፈጅቶበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ጨረስኩ ሲል ያዛወረው መረጃ 75 ፔታባይት፣ ወደ 7,500 በሚጠጉ ዳታቤዞች ውስጥ የነበረ ነው። በሺህ የሚቆጠር መሐንዲስ ያለው ኩባንያ ይህን ያህል ከተቸገረ፣ ቦሌ ላይ አምስት ባለሙያ ይዞ የሚሠራ ድርጅት «ሲያስፈልግ እንቀይራለን» ሲል አላምነውም።

መውጫ የማጣትን ዋጋ አዲስ አበባ በኪሷ አይታዋለች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የክላውድ ሂሳብ በዶላር ነው። ገቢው በብር፣ ወጪው በዶላር የሆነ ድርጅት በአንድ ወር ውስጥ ኪራዩ በእጥፍ ገደማ ሲጨምርበት፣ መውጫ የሌለው ከመክፈል ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

«ሦስት ሰው ይዘን ዳታቤዝ ማን ያስተዳድርልናል?» የሚለውን ተቃውሞ አከብረዋለሁ፤ እውነት ነው። ክላውድ አትጠቀሙ አልልም። ሁሉን ነገር በሦስት አቅራቢ ላይ ደርቡ የሚለውም ምክር ለትንሽ ድርጅት መክሰሪያ ነው። ግን ፖስትግሬስ የተባለውን ኦፕን ሶርስ ዳታቤዝ አቅራቢው እያስተዳደረው መከራየት ይቻላል፤ ፖስትግሬስ ሁሉም ጋ ስላለ ነገ ሌላ ቦታ ይነሳል። የፋይዳ መታወቂያ ሞሲፕ በተባለው ኦፕን ሶርስ መሠረት ላይ መሠራቱን የማደንቀው ለዚህ ነው፤ ኮዱን የአንድ ሻጭ ፈቃድ አይዘጋውም። የመጠባበቂያ ቅጂውን ደግሞ ሌላ ኩባንያ ጋ ማስቀመጥ ከባድ ወጪ አይደለም። ከ600,000 በላይ አባላት ያሉት የአውስትራሊያው የጡረታ ፈንድ ዩኒሱፐር እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 ጎግል ክላውድ ላይ የነበረው የግል ክላውዱ በጎግል በኩል በተፈጠረ ስህተት ሲጠፋበት፣ ሌላ አቅራቢ ጋ ያስቀመጠው ቅጂ ለመነሳት ረድቶታል።

አካውንቱም በድርጅቱ ስም ይሁን። የመግቢያው ኮድ በአንድ ሰው ሲም ላይ አይንጠልጠል፤ የመልሶ ማግኛ ኮዶቹ በወረቀት ታትመው ቢያንስ በሁለት ከተማ ይቀመጡ። ይህን ስል ዝርዝር ነገር ትወዳለህ ይሉኛል። እኛን ያጠፋን ዝርዝሩ ነው።

አሁን በምሠራበት ቢሮ በየሦስት ወሩ አንድ ቅዳሜ ሥራችንን ሁሉ ከቅጂው አንስተን ሌላ አቅራቢ ጋ እናስነሳለን፤ ዋናው አቅራቢ ዛሬ እንደተዘጋ ቆጥረን። በመጀመሪያው ሙከራ አልተነሳም። በሁለተኛው ተነሳ፣ ግን የደረሰኝ ቁጥሮቹ ተዘበራረቁ። ባለፈው 11 ሰዓት ፈጀብን፤ ከዚያ ውስጥ 2 ሰዓቱ ሥራ የለቀቀ ባልደረባችን ስልክ ላይ የሚደርስ ኮድ ስንጠብቅ ያለፈ ነው። ደወልንለት፣ ኮዱን ላከልን፣ ሰኞ ጠዋት ቁጥሩን አስቀየርን።