የተፈጸመብንንም የፈጸምነውንም እናስተምር፦ የታሪክ መምህራን የአቋም መግለጫ

እኛ በሁለተኛ ደረጃና በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ታሪክ የምናስተምር የማኅበራችን አባላት፣ አገሮች የደረሰባቸውንና ያደረሱትን ግፍ በምን ሚዛን እንደሚያስታውሱ በጠቅላላ ጉባኤያችን መክረን ይህን የአቋም መግለጫ አውጥተናል።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣሊያኑ የወረራ ዘመን ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ የፋሺስት ወታደሮችና ጥቁር ሸሚዞች ለሦስት ቀናት የአዲስ አበባን ሕዝብ ፈጁ። በዚያው ዓመት ግንቦት 12 ለሚከበረው የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል ደብረ ሊባኖስ የተሰበሰቡ መነኮሳት በጭነት መኪና ወደ ላጋ ወልዴ ተወስደው በመትረየስ ተረሸኑ። ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች ሰዎች መገደላቸውን አስታወቀ፤ ከቀናት በኋላም 129 ዲያቆናት ተገደሉ። የኋላ ጥናቶች የሟቾች ቁጥር ከዚህ በብዙ እንደሚበልጥ ያሳያሉ።

ማስረጃው በጣሊያን በራሷ መዝገብ ቤት ተቀምጦ ሳለ፣ የአገሪቱ መከላከያ ሚኒስቴር በኢትዮጵያ የመርዝ ጋዝ መጣሉን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996፣ ከወረራ ጦርነቱ 60 ዓመት በኋላ ነው። ኢትዮጵያ ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀሎች ኮሚሽን 10 ተጠርጣሪዎችን ብታቀርብም አንዳቸውም በኢትዮጵያ ለፈጸሙት ወንጀል ፍርድ ቤት አልቆሙም። ግራዚያኒ እ.ኤ.አ. በ1950 የተፈረደበት የ19 ዓመት እስራት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ እንጂ በእኛ ላይ ባደረሰው ግፍ አልነበረም፤ ከዚያም ቢሆን በወራት ውስጥ ተለቀቀ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ በጣሊያኗ አፊሌ ከተማ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ተሠራለት፤ ግንባሩ ላይም «አገር» እና «ክብር» የሚሉ ቃላት ተቀረጹለት።

በአንጻሩ የጣሊያን ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ2004 በዩጎዝላቪያ ፓርቲዛኖች ለተገደሉና ከኢስትሪያና ከዳልማሺያ ለተሰደዱ ጣሊያናውያን የመታሰቢያ ቀን በሕግ ደንግጓል። እ.ኤ.አ. በ2006 በቅኝ ግዛት ዘመን ለተጨፈጨፉ አፍሪካውያን እንዲሁ ቀን እንዲሰየም የቀረበው ረቂቅ ግን ሳይጸድቅ ቀረ።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ብለን ጣሊያንን መውቀሳችን ተገቢ ነው። በገዛ ቤታችን ግን ወጊውም ተወጊውም እኛው ነን። የፋሺስት ግፍ በስድስት ኪሎ ሐውልት ላይ በምስል ተቀርጾ ይታያል፤ ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ እስኪከለከል ድረስ ከደቡብና ከደቡብ ምዕራብ እየተፈነገሉ ለተሸጡ ወገኖቻችን ግን ብሔራዊ የመታሰቢያ ቀን የለንም። በደርግ የቀይ ሽብር ዘመን ቤተሰብ የልጁን አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ እንዲከፍል ይደረግ ነበር። መስቀል አደባባይ ያለው ሙዚየም የዚያን ዘመን ሰማዕታት ያስባል፤ ተቃዋሚ ድርጅቶች በዚያው ወቅት የፈጸሙት ግድያ ግን እንደየተራኪው ወገን ይነሳል ወይም ይዘለላል። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. በገበያ ቀን በደርግ አውሮፕላን የተደበደበችው ሐውዜን የትግራይ ሐዘን ብቻ ሆና ቀርታለች። በትግራይ ጦርነትም ብዙ ጊዜ የማይካድራን ጭፍጨፋ የሚያነሳ የአክሱምን፣ የአክሱምን የሚያነሳ የማይካድራን ይዘላል።

ስለሆነም የሚከተሉትን አቋሞች ወስደናል፦

1. የጣሊያን መንግሥት በኢትዮጵያ፣ በሊቢያ፣ በኤርትራና በሶማሊያ ለተገደሉ ሰለባዎች የመታሰቢያ ቀን በሕግ እንዲሰይም፣ የአፊሌውን መታሰቢያ እንዲያነሳና ታሪኩን በትምህርት ቤቶቹ እንዲያስተምር እንጠይቃለን።

2. የትምህርት ሚኒስቴር የባሪያ ንግድን፣ ቀይ ሽብርንና የእርስ በርስ ጦርነቶቻችንን የራስን ወገን ድርጊት ሳይሸሽግ የሚያስተምር ሥርዓተ ትምህርት እንዲያዘጋጅ እናሳስባለን።

3. የክልል ሙዚየሞችና የሰማዕታት ሐውልቶች በክልሉ ተወላጆች ላይ የደረሰውን ብቻ ሳይሆን፣ በስማቸው በሌሎች ላይ የተፈጸመውንም እንዲያሳዩ እንጠይቃለን።

4. ቁጥር አናጋንንም፣ አናሳንስም። በየካቲት 12 ጭፍጨፋ መንግሥታችን 30,000 ሰው ሞቷል ሲል፣ ተመራማሪው ኢያን ካምቤል 19,000 ገደማ ይላል። ለተማሪዎቻችን ሁለቱንም ግምቶች ከነመነሻቸው እናቀርባለን።

5. በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ መሠረት የሚካሄደው እውነትን የማፈላለግ ሥራ ከየትኛውም ወገን የተፈጸመን በደል ሳይመርጥ እንዲመረምር፣ መዛግብቱም ተጠብቀው ለተመራማሪ ክፍት እንዲሆኑ እንጠይቃለን።

6. ወንጀል የፈጻሚው እንጂ የብሔሩ ወይም የሃይማኖቱ አይደለም። በታሪክ ስም ሕዝብን በጅምላ የሚወነጅል ትምህርትንም ቅስቀሳንም እንቃወማለን።

አባሎቻችን ሌላው በእኛ ላይ የሠራውን በሚያስተምሩበት ክፍል፣ እኛ እርስ በርሳችን የሠራነውንም በእኩል ድፍረት እንዲያስተምሩ አደራ እንላለን። ወላጆችም ልጆቻቸው ይህን ሲጠይቋቸው «ያን ተወው» ከማለት ይልቅ የሚያውቁትን እንዲነግሯቸው በአክብሮት እንጠይቃለን።