ለጊኒ ፒጎቹም ቤት እንፈልግ

እዚህ ቤሩት ቤት ተከራይታ የምትኖር ጓደኛችን ወደ አገሯ ለመመለስ ስትነሣ ከሻንጣዋ ሌላ የሚያስጨንቃት ነገር ሊኖር ይችላል። የማዳም ልጆች ሰልችተዋቸው የሰጧት ሁለት ጊኒ ፒጎች አሏት እንበል። «አይጥ አይደሉ እንዴ፣ ሜዳ ላይ ልቀቂያቸው» የሚል ምክር አይጠፋም። እኔ አልስማማም። በሰው እጅ ያደጉ ናቸው፤ ከድመት አያመልጡም፣ የበጋውንም ሙቀት ውጭ ሆነው አይችሉትም።

መርዳት ከፈለግን ቶሎ የሚወስድ ሰው ሳይሆን በደንብ የሚይዝ ሰው እንፈልግላት። ጊኒ ፒግ 5 ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል። በየቀኑ ድርቆሽ ይፈልጋል። እንደ እኛ ሁሉ ሰውነቱ ቫይታሚን ሲ ስለማይሠራ የማያቃጥለውን ትልቁን ቃሪያ የመሰለ አትክልት ያስፈልገዋል፤ የጥንቸል መኖ ብቻ አይበቃውም። ተቀባዩ ይህን ይወቅ።

ሁለቱን ለሁለት ቤት ማከፋፈል ለሰጪው ይቀላል፤ እነሱ ግን አብሮ መኖር የለመዱ ናቸውና አንለያያቸው። ወንድና ሴት ከሆኑ ደግሞ ሳንደብቅ እንናገር። እርግዝናቸው 2 ወር ገደማ ነው፤ ሁለት የወሰደች ስድስት እንዳታገኝ!

«እኔ እወስዳቸዋለሁ» የምትል እህት ርኅራኄዋ ደስ ይላል። በአሠሪ ቤት የምትኖር ከሆነች ግን ማዳምን ሳታስፈቅድ አትውሰድ። ተደብቀው በተገኙ ቀን እንስሳቱ ይጣላሉ፣ እሷም እንጀራዋ ላይ ችግር ይመጣባታል።

ፍለጋው ከጉዞው ብዙ ሳምንት አስቀድሞ ይጀመር። የሽቦ ቤታቸውና የለመዱት ምግብም አብሮ ይሰጥ።