ለአንድ ማይል ሩጫ ተብሎ አስም አይደበቅም!



ሰሞኑን አሜሪካ ከምትኖር እናት በውስጥ መስመር መልእክት ደረሰኝ። ማንነቷን ሳልገልጽ እንድጽፍበት ፈቅዳልኛለች። ልጇ 17 ዓመቱ ነው፣ 12ኛ ክፍል ገብቷል። የኮሌጅ ወጪ ለሚሸፍነው የጦር መኮንንነት ስኮላርሺፕ፣ አር ኦ ቲ ሲ ለሚሉት፣ ሊያመለክት ነው። በትምህርቱ ጎበዝ ነው። ያስጨነቃቸው ሩጫው ነው። አንድ ማይል ለመጨረስ ከዘጠኝ ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል፣ ሲጨርስ ያስለዋል፣ ደረቱ ሲር ሲር ይላል። ሌሊትም ሳል ይቀሰቅሰዋል።

ጥያቄዋ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ዶክተር፣ አስም ተብሎ ከተጻፈበት ዕድሉ ይበላሻል ይሉናል። ሐኪም ጋ ሳንሄድ ዝም ብሎ ቢለማመድ አይለቀውም?»

መልሴን መጀመሪያ ልናገር፦ አይለቀውም። ሐኪም ጋ ይሂድ፣ ያውም በዚህ ሳምንት።

አሁን ምክንያቴን ላስረዳ። ብዙ ወላጅ «ዋናው ውጤት ነው፣ ስፖርቱ ለይስሙላ ነው» ይላል። እውነት አይደለም። የአሜሪካ ምድር ጦር ስኮላርሺፕ አመልካቾችን የአንድ ደቂቃ ፑሽ አፕ፣ የአንድ ደቂቃ ሲት አፕና የአንድ ማይል (1.6 ኪሎ ሜትር ገደማ) ሩጫ ያስፈትናል። አየር ኃይሉ ሩጫውን ከዚህ ያስረዝመዋል። ዌስት ፖይንት መግባት የሚፈልግ ደግሞ ስድስት ዓይነት ፈተና ይጠብቀዋል፣ ተንበርክኮ የቅርጫት ኳስ መወርወርም አለበት። ውጤቱ ከትምህርት ነጥብ፣ ከቃለ መጠይቅና ከአመራር ልምድ ጋር አብሮ ይታያል። ዝርዝሩ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ የዘንድሮውን መመሪያ ከራሱ ከፕሮግራሙ አረጋግጡ። አንድ ነገር ግን አስታውሱ፦ ስኮላርሺፑ የአሜሪካ ዜግነት ይጠይቃል፣ ግሪን ካርድ ብቻውን አይበቃም።

እኔ በግሌ ይህ ፈተና መኖሩን እደግፋለሁ። እንደ ሐኪም ሳየው የሩጫ ሰዓት ስለ ልብና ስለ ሳንባ ብዙ ይናገራል። ሩጫቸው ቀርፋፋ የሆኑ ምልምሎች በወታደራዊ ሥልጠና ላይ የመጎዳት ዕድላቸው ከፍ እንደሚል በተደጋጋሚ ታይቷል። ከዚያም በላይ፣ የ11ኛ ክፍል ውጤት አንዴ ካለፈ አይመለስም፤ የሩጫ ሰዓት ግን በጥቂት ወራት ይሻሻላል። ማመልከቻው ላይ ካሉት ነገሮች ሁሉ ዛሬ በልጁ እጅ ያለው ይሄ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ፈተናውን እንደ መስታወት ሳይሆን እንደ ጠላት ስናየው ነው። የዚህ ልጅ ሰዓት የነገረን «ሰነፍ ነህ» ብሎ አይደለም። «ሳንባህ ይታይ» ነው ያለው። ሲሮጡ የሚመጣ ሳልና ሲርታ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ሳል ሲጨመርበት፣ አስም ሊሆን ይችላል። አስም ደግሞ በልምምድ ብዛት አይሸነፍም። ሳይታከም ሲሮጡበት ሊብስ፣ አንዳንዴም ሊገድል ይችላል። በአግባቡ ከታከመ ግን ብዙ ሰው እንደ ልቡ ይሮጣል፤ አስም ያለባቸው የኦሎምፒክ አትሌቶች አሉ።

ወሬው ግን መሠረት የለውም አልልም። በአሜሪካ መከላከያ የሕክምና መመሪያ መሠረት ከ13ኛ ዓመት ልደት በኋላ የነበረ አስም ውድቅ ከሚያደርጉ ሕመሞች አንዱ ነው። ግን በሩ እዚያ ላይ አይዘጋም። ልዩ ፈቃድ (ዌይቨር) መጠየቅ ይቻላል፣ ውሳኔውም በእያንዳንዱ ሰው ሁኔታ ላይ ይመሠረታል። በትክክል ተመርምሮ አስም ሳይሆን ሌላ ነገር ሆኖ ሊገኝም ይችላል። ሳይመረመር ይህን ማን ያውቃል?

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። እንዲህ ያለ መመሪያ ሳያስበው ልጆችን መደበቅ ያስተምራል፣ ቶሎ የታከመውም ካልታከመው ይልቅ የሚቀጣ ይመስለዋል። መመሪያው ግን የራሱ ምክንያት አለው፦ ጭስ፣ አቧራና ብርድ ባለበት፣ ሆስፒታል በሌለበት ቦታ የሰው ሕይወት የሚመራ መኮንን ትንፋሹ ሊከዳው አይገባም። ደብቆ የገባ ልጅ ኮሌጅ ከደረሰ በኋላም እንደገና ይሮጣል። ያኔ ከታወቀ የሚጠፋው ስኮላርሺፑ ብቻ አይደለም፣ የቃሉም ክብር ነው። ካልታወቀ ደግሞ የባሰ ነው።

ልጃችሁ ለዚህ ፈተና እየተዘጋጀ ከሆነ፦

✅ ቢያንስ ከሦስት ወር በፊት ይጀምር። በሳምንት ሦስት ቀን ሩጫ፣ በመካከል እረፍት፣ ርቀቱን ቀስ በቀስ መጨመር።

✅ በሁለት ሳምንት ውስጥ ልድረስ ብሎ በቀን መቶዎች ፑሽ አፕ መሥራት አደገኛ ነው። ጡንቻ ተሰባብሮ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ከልምምድ በኋላ ኃይለኛ የጡንቻ ሕመም ኖሮ ሽንቱ ኮካ ኮላ ከመሰለ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል!

✅ ሲሮጥ ራሱን የሳተ፣ ደረቱን ያመመው፣ ወይም በቤተሰቡ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ያለ ልጅ ልቡ ሳይታይ አይሮጥ።

✅ ቅልጥም አጥንቱ ላይ አንድ ቦታ ሲነካ የሚያመው ከሆነ «ቻለው» አትበሉት። የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል።

✅ ሴት ልጆች ቶሎ የሚደክማቸው ከሆነ የደም ማነስ ይመርመሩ።

✅ የሚጾም ልጅ ከባዱን ልምምድ ባዶ ሆዱን አይሥራ፣ ከምግብ በኋላ ወዳለው ሰዓት ያዛውረው። ምስርና ሽሮው ይብዛለት፣ ውሃም አይርሳ።

✅ እንቅልፍ! በዚህ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያስፈልጋል። ኢነርጂ ድሪንክ እንቅልፍን አይተካም።

ለዚያች እናት የጻፍኩላትን ለሁላችሁም ልድገመው፦ «እህቴ፣ ስኮላርሺፑ ቢቀር ሌላ መንገድ ይፈለጋል። ልጁ ግን በሕክምና ሆኖ ይሩጥ፣ እውነቱን ይዞ ያመልክት።»

ከሁለት ቀን በኋላ «ቀጠሮ ይዘናል» ብላ መለሰችልኝ። ደስ ብሎኛል። ❤️

ይህ ጽሑፍ ምርመራን አይተካም። አሜሪካ ዘመድ ላላችሁ ሼር አድርጉላቸው። ጤና ይብዛላችሁ!