ሆስፒታል የገመና መደበቂያ አይደለም

ወጣቶች ሆይ! ሰው በወባ ወይም በሳንባ ምች በታመመ ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ ይጠይቀዋል፤ አንዱ ብርቱካን፥ አንዱ አጥሚት ይዞለት ይሄዳል። አእምሮው የታመመ እንደ ሆነ ግን የጠያቂው እግር ያጥራል፤ ስሙም በሹክሹክታ ብቻ ይነሣል። በአዲስ አበባ የሚገኘው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አማኑኤል ይባላል፤ ትርጓሜውም እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ነው ማለት ነው። ይሁን እንጂ እኔ ባስተማርሁበት ዘመን ተማሪዎች ይህን የተባረከ ስም ለስድብ ሲያውሉት ደጋግሜ ሰምቻለሁ።

በዚህ ጽሑፍ የምሟገተው ከአንድ አባባል ጋር ነው። ይኸውም «በሽተኛችንን ለሐኪም አስረክበናል፥ ገንዘቡንም ከፍለናል፤ ከዚህ በላይ አይፈለግብንም» የሚለው ነው። ሆስፒታልን አልነቅፍም፤ አእምሮው የታወከ ሰው ሐኪምና መድኃኒት ያስፈልገዋል። የምነቅፈው፥ በሽተኛውን በር ላይ አድርሶ ፊቱን አዙሮ የሚሄደውንና ዳግመኛ የማይመለሰውን ዘመድ ነው።

በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ስለ ተማርሁ፥ ለነገሩ ምስክር የምትሆን የአንዲት ፈረንሳዊት ታሪክ በቋንቋው ለማንበብ ችያለሁ። ዘመኑን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ካሚይ ክሎዴል በ1864 በሰሜን ፈረንሳይ ተወለደች። ከልጅነቷ ጀምራ ከጭቃ የሰው ምስል ትሠራ ነበር፤ ካደገችም በኋላ በፓሪስ የስመ ጥሩው ቀራፂ የኦጉስት ሮዳን ተማሪና የሥራ ረዳት ሆነች። ከእርሱ ከተለየች በኋላ ብቻዋን ስትኖር አእምሮዋ ታወከ። ሮዳን ሥራዬን ሊሰርቀኝ፥ እኔንም ሊመርዘኝ ያደባል ትል ጀመር። በሯን ዘግታ ተቀመጠች፤ የገዛ እጇን ሥራም ሰባበረች። እንግዲህ ጤነኛ ነበረች ብዬ አልከራከርም፤ በእርግጥ ታማ ነበር።

የሚረዳት አባቷ በማርች 1913 መጀመሪያ ላይ ሞተ። መሞቱን የነገራት ሰው አልነበረም። ከሳምንት በኋላ፥ ማርች 10 ቀን፥ ቤተ ሰቧ ቪል ኤቭራር ወደሚባል የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አስገባት። ዕድሜዋ 48 ዓመት ነበር። በፈረንሳይ በዚያ ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1838 ሕግ፥ ዘመድ ሲጠይቅና ሐኪም በጽሑፍ ሲያረጋግጥ ሰውን ለማስገባት ይፈቅድ ነበር። ሐኪሙ አደገኛ ነው ብሎ ካልተቃወመም በቀር ዘመድ በሽተኛውን ለማስወጣት ይችል ነበር። ይህን ልብ አድርጉ! የበሩ ቁልፍ ከሐኪሙ እጅ ብቻ ሳይሆን ከቤተ ሰቡም እጅ ነበረ።

በ1914 ጦርነት ሲነሣ በደቡብ፥ በአቪኞን ከተማ አጠገብ ወዳለው ወደ ሞንዴቨርግ ሆስፒታል አዛወሯት። በ1920 ሐኪሟ ወደ ቤተ ሰቧ ብትመለስ መልካም እንደሚሆን ለእናቷ ጻፈ። እናቷ እንቢ አለች። ከዚያም በፊት ልጅቱ ከሌሎች ሰዎች ጋር እንዳትጻጻፍ አሳግዳ ነበር። በ1929 እስክትሞት ድረስም አንድ ቀን እንኳ ሄዳ አላየቻትም። ወንድሟ ፖል ክሎዴል ታላቅ ባለ ቅኔ ነበር፤ በቶኪዮና በዋሺንግተንም የፈረንሳይ አምባሳደር ሆኖ አገልግሏል። ባሕር አቋርጦ የዓለምን ጉዳይ ሲፈጽም፥ እኅቱን በ30 ዓመት ውስጥ የጠየቃት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። እርሷ ግን ወደ አገሬ መልሱኝ እያለች ደጋግማ በደብዳቤ ትለምን ነበር።

በኦክቶበር 19 ቀን 1943 በ78 ዓመቷ በዚያው ሞተች። በቀብሯ ላይ ከዘመዶቿ አንድም አልቆመም። ከብዙ ዓመት በኋላ ቤተ ሰቡ ዐፅሟን በክብር ለማሳረፍ ቢጠይቅ፥ የመቃብሩ ቦታ ለሌላ ሥራ ውሎ ስለ ነበር ሊገኝ አልቻለም።

አሁን ለተከራካሪዎቹ መልስ ልስጥ። «በሽተኛ ነበረች» ይላሉ። አዎን፤ ነገር ግን በሽታ ሆስፒታል ለመግባት ምክንያት ይሆናል እንጂ ሳይጠየቁ ለመቅረት ምክንያት አይሆንም። «ሐኪም ያውቃል» ይላሉ። ሐኪሙማ ያወቀውን ጻፈ፤ አልሰማ ያለው ቤተ ሰቡ ነው። «ገንዘብ ተከፍሎላታል» ይላሉ። ገንዘብ አልጋና ሾርባ ይገዛል፤ «እኅቴ፥ እንደምን ሰነበትሽ» የሚል ድምፅ ግን አይገዛም። ሾርባውም ቢሆን አስተማማኝ አልነበረም። ፈረንሳይ በጀርመኖች በተያዘችበት ጊዜ በአገሪቱ የአእምሮ ሆስፒታሎች ውስጥ በረኃብና ረኃብ ባመጣው ደዌ ያለቁትን ሕሙማን የታሪክ ጸሐፊዎች ከ40,000 በላይ ይገምቷቸዋል። በዚያ ክፉ ቀን ስንቅ የሚልክለት ዘመድ ያልነበረው ሰው ተስፋው ምን ነበር?

«የቤተ ሰባችን ክብር» የሚሉም አሉ። በ2017 በኖዣን ሱር ሴን ከተማ በካሚይ ስም ሙዚየም ተከፈተ። ዛሬ ታሪኳን የሚሰማ ሰው በእርሷ ሕመም አያፍርም፤ የሚያፍረው በዘመዶቿ ዝምታ ነው። ገመናችንን እንሸፍን ብለው ለዓለም ሁሉ ገለጡት።

ምናልባት፥ ይህች ሴት ባለ ሙያ ስለ ሆነች ታሳዝናለች ትሉኝ ይሆናል። ሙያ የሌላቸውስ? በአሜሪካ በኒው ዮርክ ግዛት የነበረው የዊላርድ የአእምሮ ሆስፒታል በ1995 ሲዘጋ፥ ከጣሪያው ሥር ካለው ክፍል ውስጥ ከ400 የሚበልጡ የሕሙማን ሻንጣዎች ተገኙ። ልብስ፥ ፎቶግራፍና ደብዳቤ ነበረባቸው። ሻንጣ የሚይዝ ሰው መንገደኛ ነው፤ መንገደኛም መመለሻውን ያስባል። እነዚህ ሰዎች ሙዚየም አልተሠራላቸውም። እንዲታሰቡ ግን ሰው መሆናቸው ብቻ ይበቃ ነበር።

ልጆቼ፥ መርሳት እንደ እንቅልፍ ሳያስቡት የሚመጣ ነገር አይደለም። ዛሬ አልመቸኝም፥ ሰው ያየኛል፥ ለመጪው ሳምንት ይደር እያሉ በገዛ እጅ የሚሠሩት ሥራ ነው። አባቶቻችን ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ያሉት በከንቱ አይደለም። ስለዚህ ከዘመዶቻችሁ መካከል ስሙ የማይነሣ በሽተኛ ቢኖር፥ ስሙን በማዕድ ላይ አንሡት። ያለበትን ጠይቁ፤ ሄዳችሁም እዩት። መጻፍ ተምራችኋልና ደብዳቤ ላኩለት። ሐኪሙንም «ለመውጣት ይችላልን?» ብላችሁ ጠይቁት። «ይችላል» ያላችሁ እንደ ሆነ፥ ሰው ምን ይለናል ሳትሉ በቤታችሁ መኝታውን አንጥፉለት።