ቁም፣ ቂፍ፣ ስቶፕ

የተወደዳችሁ እኅቶቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የምንፈታው ቃል በየዕለቱ የምታዩትና የምትሰሙት ነው። በጅዳ መንገድ ዳር ስምንት ማዕዘን ባለው ቀይ ምልክት ላይ በዐረብኛ «ቂፍ»፣ በእንግሊዝኛም «ስቶፕ» ተብሎ ተጽፏል። በአገራችን ምልክት ላይ ያለው «ቁም» ነው። ሦስቱም የሚያዝዙት አንድ ነገር ሲሆን የመጡበት መንገድ ግን ለየቅል ነው።

«ስቶፕ» ጥንት «ቁም» ማለት አልነበረም። የቃላት መርማሪዎች ሥሩን «ስቱፓ» ከሚለው የላቲን ቃል ያደርሱታል። ስቱፓ ከተልባ አገዳ የሚወጣ ሻካራ ጭረት ነው፤ በእርሱም ቀዳዳ ይደፈን ነበር። ስለዚህ የቃሉ የመጀመሪያ ትርጉም «ወተፈ፣ ደፈነ» ነው። የጠርሙስ ውታፍ ዛሬም በእንግሊዝኛ «ስቶፐር» ይባላል። ቀዳዳው ሲወተፍ ውኃው መፍሰሱን ያቆማልና፣ ቃሉ ኋላ የሚሄደውን ሁሉ ለማስቆም ዋለ።

በአነጋገሩ አንድ ጥንቃቄ አለ። «ስቶፕ ኩኪንግ» ብትባሉ ምግብ መሥራቱን ተዉ ማለት ነው። «ስቶፕ ቱ ኩክ» ከሆነ ግን የያዛችሁትን ትታችሁ ምግብ ሥሩ ማለት ነው። በአንዲት «ቱ» ትእዛዙ ይገለበጣል።

የእኛ «ቆመ» ከግእዝ እንዳለ የወረደ ነው፤ በእግር መቆምንም መጽናትንም ይይዛል። መቋሚያ፣ ቋሚ፣ ቁም ነገር የምንለው ሁሉ ከእርሱ ወጥቷል። የዐረብኛው «ቂፍ»ም እንዲሁ መቆምንና ማቆምን በአንድነት ይዟል። በመካ አቅራቢያ በዐረፋት፣ ሐጃጆች በዙልሒጃ ወር 9ኛ ቀን የሚፈጽሙት «ዉቁፍ» የዚሁ ቃል ዘር ነው። ያ ዕለት የሐጅ ዋነኛው ሥርዓት ነው። እንግዲህ በእኛም በእነርሱም ቋንቋ ያቆመ ሰው የቆመ እንጂ የወደቀ አይደለም።

«ሰንበት» ደግሞ ከዕብራይስጥ የመጣ ሲሆን ሥሩ ሥራን መተው፣ ማቆም ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 20 ትእዛዙ ሲሰጥ የቤቱ ጌታ ብቻውን እንዲያርፍ አልተባለም፤ የቤቱ ሴት አገልጋይም ተጠርታለች። በዘዳግም ምዕራፍ 5 ምክንያቱ ተነግሯል፦ እርሷም እንደ ጌታዋ እንድታርፍ ነው። «ሰነበተ» የምንለውም ከሰንበት የወጣ ነው። «እንደምን ሰነበታችሁ» ስላችሁ «ዐረፋችሁ ወይ?» ማለቴም ነው።

የምትኖሩበት አገር ሕግም ዕረፍትን ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2013 በሳዑዲ ዐረቢያ የወጣው የቤት ሠራተኞች ደንብ በቀን ቢያንስ 9 ሰዓት፣ በሳምንትም አንድ ቀን ዕረፍት ፈቅዶ ነበር። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ የሚሠራበት አዲሱ ደንብ የቀኑ ሥራ ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ የሳምንቱም ዕረፍት ሳይቋረጥ 24 ሰዓት እንዲሆን ያዝዛል። በብዙ ቤት ይህ በወረቀት ብቻ እንደሚቀር እናንተ ታውቁታላችሁ። ቢሆንም መብትን ማወቅ የመጀመሪያው እርምጃ ነው።

አዲስ አበባ አውቶቡስ የምንጠብቅበት «ፌርማታ» ጣሊያንኛ ነው፤ መቆሚያ ማለት ነው። በውል ላይ የምታኖሩት «ፊርማ»ም ዘመዱ ነው፤ ሁለቱም «አጸና» ከሚል የላቲን ግስ ወጡ። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት የዕረፍት ቀናችሁ በውሉ ተጽፎ እንደሆነ አስነብቡ፤ ቅጂውንም ያዙ። ዕረፍት ስትጠይቁ ጊዜ መርጣችሁ፣ በለሰለሰ ቃል ይሁን። እንቢ ብትባሉ፣ ይልቁንም ደመወዝ ብትከለከሉ ወይም እጅ ቢነሣባችሁ፣ ጅዳ ላለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። መድረስ ካልቻላችሁ ለምታምኗት እኅት ንገሩ እንጂ ብቻችሁን አትቻሉት።

እኅቶቼ፣ ዕረፍት መሻት ስንፍና እንዳይመስላችሁ። «ስቶፕ» አፍን ለመወተፍ ቢነገርም፣ ቆማችሁ የምትናገሩበት አፍ ግን አላችሁ።

እግዚአብሔር ጉልበታችሁን ያጽና፤ በሰላም ለሰንበት ያድርሳችሁ። አሜን።