ከልደት በፊት ያሉት ሳምንታት

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የጌታን ልደት የምታከብረው ኅዳር 15 ቀን ተጀምሮ እስከ በዓሉ ዋዜማ በሚዘልቅ ጾም ምእመናኗን ስታዘጋጅ ከሰነበተች በኋላ ነው። ጾመ ነቢያት የሚባለው ይህ ጾም ከሰባቱ የአዋጅ አጽዋማት፣ ማለትም ምእመናን ሁሉ እንዲጾሟቸው በሥርዓት ከተደነገጉት ጾሞች አንዱ ሲሆን፣ ስያሜውን ያገኘው የመሲሑን መምጣት በተስፋ ሲጠባበቁ ኖረው በሥጋ ሳያዩት ካረፉት ነቢያት ነው። ይሁንና ብዙዎች የካህናት ጾም ብቻ አድርገው ያልፉታል፤ ከሚጾሙትም መካከል ከፍስክ ምግብ ከመከልከል አልፈው ወደ ጽሞና፣ ይኸውም ራስን ሰብስቦ በእግዚአብሔር ፊት ወደ መመርመር፣ ሳይደርሱ በዓሉ የሚደርስባቸው ጥቂቶች አይደሉም፤ ይህም በእጅጉ ያሳዝናል።

የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ግን ለዚህ ምርመራ መንገዱን አስቀድሞ ጠርጎታል። ከልደት በፊት ያሉት ሦስት ሳምንታት በዜማውም በንባቡም የየራሳቸው ስም አላቸው፤ ከታኅሣሥ 7 እስከ 13 ስብከት፣ ከ14 እስከ 20 ብርሃን፣ ከ21 እስከ 27 ደግሞ ኖላዊ፣ ማለትም እረኛ፣ ይባላሉ። በስብከት የነቢያት ትንቢት ይነበባልና ምእመኑ እርሱ ራሱ ምን ተስፋ አድርጎ እንደሚኖር፣ ተስፋውስ በማን ላይ እንደተመሠረተ ይጠየቃል፤ በብርሃን ሳምንት የተሰወረው ሁሉ ስለሚገለጥ ወደ ንስሐ አባት ቀርቦ ኃጢአትን ለመናዘዝ ከዚህ የተሻለ ወቅት አይገኝም። ቅደም ተከተሉ በከንቱ የተደረደረ አይመስልም፤ የሚጠብቀው የሌለው ሰው ብርሃን ቢበራለትም የሚፈልገው ነገር የለምና።

ከዚሁ ጾም ጋር የሚታሰቡት ሦስት ቀናት በተለይ ሊዘነጉ አይገባም። የጾሙ 44 ቀናት ሲተነተኑ አርባው የነቢያት፣ አንዱ የዋዜማው ገሃድ ሲሆን፣ ሦስቱ በግብፅ በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፓትርያርክ አብርሃም ሶርያዊ ዘመን ስለተፈጸመው ተአምር የሚጾሙ ናቸው። ትውፊቱ እንደሚያስረዳው፣ የካይሮው ገዥ ክርስቲያኖች በወንጌል የተጻፈውን እምነት አሳይተው የሙቀጠምን ተራራ እንዲያፈልሱ ባዘዘ ጊዜ ሕዝቡ ሦስት ቀን ጾሞ ጸለየ፤ ለፓትርያርኩ በራእይ የተጠቆመው ሰው ግን ጳጳስም መኰንንም ሳይሆን ስምዖን የተባለ ጫማ ሰፊ ነበር። ይህ ሰው ወደ ሥራው ከመሄዱ በፊት በማለዳ ተነሥቶ ለአረጋውያንና ለሕሙማን ውኃ ይቀዳ እንደነበር ይነገራል። ተራራው መነሣቱ ከሚያስደንቀው ባልተናነሰ ሊያስደንቅ የሚገባው፣ ማንም ሳያየው በየማለዳው ይፈጸም የነበረው ይህ አገልግሎት ነው።

በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ምእመናን ደግሞ የተለየ ፈተናም የተለየ ዕድልም አላቸው። በዙሪያቸው ያለው ዓለም የገና ገበያውን በምዕራባውያኑ ታኅሣሥ 25 ሲያጠናቅቅ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀኑ ታኅሣሥ 16 ገደማ ነውና እነርሱ ገና በብርሃን ሳምንት፣ በጾም ላይ ናቸው። በሥራ ቦታ ማዕዱ ፍስክ ሆኖ ሲቀርብ መታገሥ፣ የልደትን ሌሊት በማሕሌትና በቅዳሴ አሳልፎ በማግስቱ ወደ ሥራ መግባት ከባድ መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም የገበያው ግርግር ካለፈ በኋላ የሚመጣ በዓል፣ ከስጦታና ከግብዣ ይልቅ የተወለደውን ለማሰብ የሚያስችል ጸጥታ ይዞላቸው ይመጣል።

የመጨረሻው ሳምንት፣ ኖላዊ፣ ለበዓሉ በግና ዶሮ የሚሸመትበት፣ ቤት የሚጸዳበትና ጠላ የሚጠመቅበት ሰሞን በመሆኑ ከሁሉ ይልቅ የሚረሳ ነው። በጎቹን የሚጠብቀውን ጌታ የሚያስበው ይህ ሳምንት ግን አባወራውንና እማወራዋን በእነርሱ እጅ ስላሉት ሰዎች ይጠይቃል፤ ለበዓል ወደ ቤተሰቧ መሄድ ስላልቻለችው የቤት ሠራተኛ፣ ልጆቹ ርቀውበት ብቻውን ስለሚውለው ጎረቤት፣ በቂም ምክንያት ደጁ ስለማይረገጠው ዘመድ። በጾሙ ወራት ከማዕድ የተቀነሰው ለድሆች እንዲሰጥ አባቶች ያስተምራሉና፣ ይህን ገንዘብ የበዓሉ ወጪ ሳይውጠው አስቀድሞ ለይቶ ማስቀመጥ፣ የተጣሉትንም ከልደት በኋላ ሳይሆን በዚሁ ሳምንት ሄዶ ማስታረቅ የጾሙ አካል ነው።